ባንድ ግርግም

«አንድ ሰው ነበረ፤ ያለው በሬ አንድ ብቻ ነው» ብለው ጀመሩ መሪጌታ ልሳኑ፣ ሙሉጎጃም ጥያቄዋን ገና ሳትጨርስ።

ሙሉጎጃም ልብስ ሰፊ ናት። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ሐኪም ስኳር አለብሽ ካላት ወዲህ ባንድ ዓመት ውስጥ አራት ዓይነት አመጋገብ ሞክራለች። መጀመሪያ እንጀራ እርግፍ አድርጋ ተወች። ቀጥላ አርባ ቀን ጎመን ብቻ በላች። ከዚያ በቀን አንዴ ብቻ መብላት፣ ከዚያ ደግሞ ስልኳ ላይ ያየችው የሎሚና የዝንጅብል ውሃ። በያንዳንዱ ትከሳለች፤ ብዙም ሳይቆይ መልሳ ትወፍራለች፤ ስኳሩም አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት ከመቀመጫዋ ስትነሣ ዞሯት ወደቀች። እናቷንና ሁለት ልጆቿን የምታስተዳድረው እሷ ናትና ፈራች። ስለዚህ በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠሯትን መምህሯን፣ ከነዚህ ሁሉ ትክክለኛው የቱ እንደሆነ ልትጠይቅ መጣች። መሪጌታ ደግሞ ብዙ ማድመጥ አይወዱም። የሚከተለውን ነገሯት።

ሰውየው ገበሬ ነው። እንደ እሱው አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር መቀናጆ ገባ፤ ሁለቱን በሬዎች እያጣመሩ አንድ ቀን የሱን መሬት፣ አንድ ቀን የጎረቤቱን ሊያርሱ ተስማሙ። በጋው ከብዶ ነበርና የሰውየው በሬ ከሳ። ጎረቤቱ አየና፣ ሰኔ እስኪገባ በሬህ ካልበረታ ሌላ አጣማጅ እፈልጋለሁ አለው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ እሱም ልጆች አሉት። አጣማጅ ያጣ ገበሬ ግን መሬቱን በእኩል ለሌላ ሰጥቶ የምርቱን ግማሽ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም። የሰውየው ቤተሰብ በግማሽ ምርት ዓመቱን አይዘልቅም ነበር።

ሰውየው ሰነፍ አልነበረም። ሰነፍ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ቢያንስ በሬውን አርፎ ይተወው ነበር። ገበያ ወጣና ያገኘውን ሁሉ ጠየቀ። አንዱ፣ ጭድ አታሳየው፣ ፋጉሎ ብቻ ስጠው አለው። ፋጉሎ ኑግ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ነው፤ ጉልበት ይሰጣል። ሰጠው። በሳምንቱ የበሬው ጠጉር አብረቀረቀ። ሰውየው የበሬውን ደረት በገመድ እየለካ ቋጠሮ ያስር ነበርና፣ ቋጠሮው አንድ ጣት አለፈለት። ጎረቤቱን ጠርቶ አሳየው። በሁለተኛው ሳምንት በሬውን ተቅማጥ ያዘው፤ የወፈረውም ያልወፈረውም አብሮ ወጣ።

ሌላው ገበያተኛ፣ ሆዱ እንዲጸዳ በሳምንት ሦስት ቀን አስርበው አለው። አስራበው። በሬው መጀመሪያ ቀለል ብሎት ዘለለ፤ ሰውየውም ጉልበት መሰለው። ረኃብም ያዘልላል። ቀጥሎ መቆም አቃተው።

ሦስተኛው፣ እርጥብ ማገጥ ላይ ልቀቀውና ጠግቦ ይብላ አለው። ማገጥ ረግረግ ላይ የሚበቅል ለምለም ሣር ነው፤ ከብት ይወደዋል። የተራበ በሬ ማገጥ ላይ ሲለቀቅ ምን እንደሚሆን ከብት ያረባ ሁሉ ያውቃል። ሰውየውም ያውቅ ነበር። ግን አዲስ ምክር የሚያውቁትን ያስረሳል። በሬው ሲበላ ደስ አለው፤ ከዚያም ሆዱ ተነፍቶ ወደቀ።

እዚህ ላይ መሪጌታ ጣታቸውን አነሡ። «ልብ አድርጊ። ሦስቱም ምክር መጀመሪያ ላይ የሠራ መስሏል። ሰውየውን ጉድ የሠራው ይሄ ነው። ከጅምሩ ባይሆንለት ኖሮ ያኔውኑ ይተወው ነበር።»

ጎረቤቱ ጩኸት ሰምቶ መጣ። ተረዳድተው በሬውን አስነሡት፤ ዘይት ጋቱት፤ ሆዱ እስኪተነፍስ ድረስ እየነዱ አዞሩት። ተረፈ። ሰውየውም አፍሮ፣ እንግዲህ ሂድና ሌላ አጣማጅ ፈልግ፣ አልቀየምህም አለው። ጎረቤቱ ወደ ቤቱ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ የገዛ በሬውን እየጎተተ ተመለሰና ከታመመው በሬ አጠገብ፣ እዚያው ግርግም ላይ አሰረው።

«ከዛሬ ጀምሮ የኔም እዚህ ይበላል» አለው። «ለበሬህ የምትሰጠውን ለበሬዬም ስጠው። ለበሬዬ ልትሰጠው የማትደፍረውን ለበሬህም አትስጥ።»

ሳምንት ሳይቆይ አንድ መንገደኛ ለሰውየው ስለ አዲስ ቅጠል ነገረው። ሰውየው ቅጠሉን ይዞ መጣ። ግርግሙ ጋ ሲደርስ የጎረቤቱ በሬ ቀና ብሎ አየው። የሰው በሬ ነው። ቢሞት ለጎረቤቱ ምን ይላል? ቅጠሉን ጣለው።

ከዚያ በኋላ ቤት ያፈራውን ሰጣቸው፤ ከገዛ አውድማው ጭድ፣ ከድንበር የታጨደ ሣር፣ ሚስቱ ጠላ ስትጠምቅ የሚተርፍ አተላ። ሣሩን ዕፍኝ በዕፍኝ ጨመረ። ውሃ በሰዓቱ አጠጣ። ከሳምንት ሳምንት የሚታይ ነገር ስላልነበረ ገመዱንም ተወው። እጅግ ሰለቸው፤ ለሚስቱም እንደሰለቸው ነገራት። ሰኔ ሲገባ በሬው አላብረቀረቀም። ግን ተጠመደ፤ እስከ ቀትር አረሰ፤ በማግሥቱም አረሰ።

መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ሙሉጎጃም ዞሩ።

«ያንን የሎሚ ውሃ ለእናትሽ በምግብ ፋንታ ሰጥተሻት ታውቂያለሽ?»

አልሰጠኋትም አለች።

«ልጆችሽንስ በቀን አንዴ ብቻ ብሉ ብለሻቸዋል?»

«ኧረ የኔታ፣ ይታመሙብኛል።»

«እንግዲህ ሰውየውም አንቺ ነሽ፣ በሬውም አንቺ ነሽ። የራስሽ ስለሆነ ደፈርሽበት። መድኃኒቱን ሐኪሙ እንዳዘዘሽ ውሰጂ፤ እሱን እኔ አላውቅም። ስለ ገበታሽ ግን ልንገርሽ። ለብቻሽ የምትጥጂውን ድስት አውርጂ። ለነሱም ላንቺም የሚሆነውን ሠርተሽ አብራችሁ ብሉ። ከእንጀራው ሩብ ቀንሺ፣ በጎመንና በምስር ተኪው፤ ሲለመድ ሌላ ሩብ። የሻይ ስኳር ከሁላችሁም ስኒ ይቀነስ። ከመኪናሽ እየተነሣሽ በእግርሽ ሂጂ። ስለ እንቁላልና ስለ እግሩ ደግሞ አልተርትብሽም፤ ታውቂዋለሽ። የዛሬ ዓመት የማትበዪውን ዛሬ አትጀምሪ። ይሰለችሻል። ይሰልችሽ።»

ሙሉጎጃም ቅር አላት። ከዚህ የበለጠ ነገር ጠብቃ ነበር። «እኔ እኮ የጠየቅሁዎት ትክክለኛው የቱ ነው ብዬ ነው» አለች።

«ሰምቼሻለሁ። ልጆችሽ አብረውሽ ሊበሉት የሚችሉት ነው» አሉ መሪጌታ። «የሚታረሰው የነሱ መሬት ነው ልጄ። አንቺ የወደቅሽ ዕለት ሞፈሩ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።»