የእማማ አትጠገብ ወረቀትና አራቱ ቀናተኞች

ሰንሰለት ልዘረጋላችሁ ነውና ጠጋ በሉ። ጫፉን የለቀቀ ሰው መሀል ላይ ቢጠይቀኝ አልመልስለትም።

እማማ አትጠገብ የሚባሉ እናት ነበሩ። አንገታቸው አበጥ ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርበው "በረደኝ" እያሉ ከረሙ። ሆስፒታል ሄደው ደም ሰጡ፤ የውጤት ወረቀት ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀስት አለ፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ሐኪሙ የሚያዩዋቸው ሰኞ ነው፤ ቀኑ ገና ሐሙስ። እስከዚያ ማን ይችላል? እማማ የፈለጉት አንዲት ነገር ብቻ ነበር፤ ይህ ወረቀት ልትሞቺ ነው ይላል ወይስ አይልም?

ፋርማሲ ወደምትሠራው ልጃቸው ወደ ጥሩዬ ሄዱ። "ጥሩዬ ልጄ፣ ወረቀቱን አንብቢልኝ።"

"አላነብም!" አለች ጥሩዬ። "የሳጥንሽን ቁልፍ ለማን ሰጠሽ? ለምራትሽ! እኔ የሆድሽ ልጅ እያለሁ! ቁልፉን ትስጠኝና አነባለሁ።"

አይ ቅናት! እማማ ወደ ምራታቸው ወደ እናና ሄዱ። "እናናዬ፣ ቁልፉን ለጥሩዬ ስጪ፤ ጥሩዬ ወረቀቱን ታንብብ።"

"አልሰጥም!" አለች እናና። "እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እኔ አጠገብዎ እያለሁ የሚይዙት የእትዬ ዝማምን ክንድ ነው። ሰው ሁሉ እያየኝ! እሳቸው አንዲት እሁድ ይልቀቁልኝና እሰጣለሁ።"

እማማ ወደ ጎረቤታቸው ወደ እትዬ ዝማም ሄዱ። "ዝማምዬ፣ አንዲት እሁድ ለእናና ልቀቂ፤ እናና ቁልፉን ትስጥ፤ ጥሩዬ ወረቀቱን ታንብብ።"

"አለቅም!" አሉ እትዬ ዝማም። "ደጃፍሽ ያለው አግዳሚ ወንበር የማን ነበር? የእኔና ያንቺ! ባልሽ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጎንሽን ይዞ አልነሳ አለ። ሠላሳ ዓመት የተቀመጥኩበትን! እሱ ይነሳልኝና እለቃለሁ።"

እማማ እየተጎተቱ ቤታቸው ተመለሱ። ባላቸው ጋሽ ይርዳው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። "ይርዳው፣ ለዝማም ተነስላት፤ ዝማም እሁዷን ትልቀቅ፤ እናና ቁልፉን ትስጥ፤ ጥሩዬ ወረቀቱን ታንብብ።"

"አልነሳም!" አሉ ጋሽ ይርዳው። "ያ ወረቀት ከመጣ ወዲህ ቀና ብለሽ አይተሽኛል? ቁርስ ላይ ወረቀት፣ ምሳ ላይ ወረቀት! እሱን አስቀምጪና እኔን እዪኝ፤ ያኔ እነሳለሁ።"

ጉድ እኮ ነው! ሰው በወረቀት ይቀናል? እንግዲህ ቁጠሩልኝ፤ ጥሩዬ በእናና ቀናች፣ እናና በእትዬ ዝማም፣ እትዬ ዝማም በጋሽ ይርዳው፣ ጋሽ ይርዳው በወረቀቱ። ወረቀቱ ደግሞ ጥሩዬን ይጠብቃል።

እማማ አትጠገብ ደከማቸው። አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉና ወረቀቱን ባላቸው ጭን ላይ አስቀመጡት። ቀና ብለውም አዩዋቸው። "ያዝልኝ ይርዳው። ፈርቻለሁ።"

ጋሽ ይርዳው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እኔስ? ካንቺ ጎን አልነሳም የምለው ለምን ይመስልሻል?" አሉና ብድግ አሉ።

ጋሽ ይርዳው ሲነሱ እትዬ ዝማም ተቀመጡ። እትዬ ዝማም ሲቀመጡ እሁዷን ለቀቁ። እሁዷ ስትለቀቅ እናና ቁልፉን ሰጠች። ቁልፉ ሲሰጥ ጥሩዬ ወረቀቱን አነበበች።

"እማዬ፣" አለች ጥሩዬ፣ "ጭንቅላትሽ ውስጥ አንዲት አዛዥ እጢ አለች፤ አንገትሽ ላይ ያለችውን 'ሥሪ!' ትላታለች። የአንገትሽ ሰነፈች፤ ወደ ታች የሚያሳየው ቀስት የእሷ ነው። እሷ ዝም ስትል አዛዧ ጩኸቷን ጨመረች፤ ወደ ላይ ያለው ደግሞ የአዛዧ ነው። ሰኞ ሐኪሙ ያረጋግጥልሻል እንጂ፣ በየጠዋቱ የሚዋጥ ኪኒን አለው። አትሞቺም! እንዲህ ሲሆን ሰው ይበርደዋል፣ ጉልበቱ ይደክማል፣ ነገር ይረሳል።"

እማማ አራቱንም ተራ በተራ አዩዋቸው። "እንግዲያው ቁልፉን ለእናና የሰጠሁት የት እንዳኖርኩት እየረሳሁ ነው። የዝማምን ክንድ የያዝኩት ጉልበቴ እየከዳኝ ነው። ከይርዳው ጎን ፀሐይ ላይ የዋልኩት እየበረደኝ ነው። ማንንም ከማንም አላበለጥኩም፤ አሞኝ ነበር።"

ጥሩዬ እጇ ላይ ያለውን ቁልፍ አየችውና ለእናና መለሰችላት። እናና ቁልፉን ስትቀበል "እሁድ አንዱን ክንድ እኔ፣ አንዱን እርስዎ" አለቻቸው እትዬ ዝማምን። እትዬ ዝማም ይህን ሲሰሙ ጠጋ አሉና "ና ቁጭ በል ይርዳው" አሉ። አግዳሚው ለካ ሦስት ሰው ይችላል! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም አልሞከረውም።

ሰኞ ሐኪሙም ጥሩዬ እንዳለችው አሉ፤ ኪኒኑ በባዶ ሆድ፣ በውሃ ይዋጣል። ማክሰኞ ጠዋት እማማ በራቸውን ሲከፍቱ አራት ሰው አራት ብርጭቆ ውሃ ይዞ ቆሟል።

"ከኔ ጠጪ!" "ኧረ ከኔ ይጠጡ!" "እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት!" "እኔ እዚሁ ነው ያደርኩት!"

እማማ አትጠገብ ሳቁ። ስንት ወራቸው ነበር ከሳቁ! ኪኒኗን አፋቸው ውስጥ ጣል አደረጉና ከአራቱም ብርጭቆ አንድ አንድ ጉንጭ ጠጡ።

ሰንሰለቴ ይኸው ገጠመ። ቀለበት ጎደለ የምትሉ ከሆነ፣ መጀመሪያ የየራሳችሁን እጅ ፈትሹ።