የዳሂቶ የቀትር ጥሪ

ልጆቼ፣ ጠጋ በሉ። የዳሂቶን ነገር ከአያቶቼ እንደሰማሁት እነግራችኋለሁ፤ አልጨምርም።

በጥንት ዘመን፣ ይህ አሸዋ ገና ስም ሳይወጣለት፣ ዳሂቶ አንድ የውሃ ጉድጓድና ጥቂት የሰሌን ጎጆ ነበረች። የጨው ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን ያጠጡባት ነበር። ኋላ አንድ ቁርጥማት የያዘው ደገኛ ነጋዴ ሙቀቱ ተስማማውና ቀረ። ወሬው ደጋ ደረሰ። ከአገልግሎት የተሰናበቱ ወታደሮች፣ ብርድ ያስመረራቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሊያርፉ ወረዱ። በምርኩዝ የመጡት ያለ ምርኩዝ መራመድ ጀመሩ።

አንድ ነገር ግን ነበር። በቀትር፣ ጥላ እግር ሥር ሲገባ፣ ከበረሃው ድምፅ ይመጣል። ሰውን በስሙ ይጠራል፤ የሚጠራውም በሚወደው ሰው ድምፅ ነው። የአገሬው ሰው ዝም ይላል። ደገኞቹ ግን ሲጠሩ ወዲያው «አቤት» ማለትን ከልጅነታቸው ለምደዋል። «አቤት» ያለ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል።

ከዲጋ የምትባል የአገሬው ሴት ነበረች። ሰሌን ትሠራለች። የአዛውንቶቹን ጎጆ ስትጠግን ቋንቋቸውን ተማረች።

መጀመሪያ ባላምባራስ ደርቤ ተጠሩ። «አቤት» አሉና ወጡ።

«ባላምባራስ፣ ይመለሱ!» አለች ከዲጋ።

«እናቴ ስትጠራኝ ዝም ልበል?» አሏት።

እናታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ከዲጋ ዱካቸውን ተከተለች። ዱካው ሜዳ ላይ አለቀ። ነፋስ አልነበረም።

ቀጥሎ ወይዘሮ የሻረግ ተጠሩ። «አቤት» ብለው ሲነሡ ከዲጋ በሰሌን ገመድ ከምሰሶው ጋር አሰረቻቸው።

«አንቺ ሴት፣ ግመል አደረግሽኝ?»

«ግመል በሆኑማ፣ እትዬ! ግመል ሲጠሩት አይሄድም።»

ጥላው እስኪረዝም ድረስ ረገሟት። ከዚያ ጥሪው ቆመ፤ ሴትዮዋም ተረፉ። ከበር ውጭ ግን አሸዋው እንደ ደጋ ጠዋት በርዶ ተገኘ።

በሦስተኛው ጊዜ ሁሉም ባንዴ ተጠሩ። እናቶች ጠሩ፣ ባሎች ጠሩ፣ የሞቱ ልጆች ጠሩ። አዛውንቶቹ ሁሉ ከየጎጇቸው ወጡ፤ «አቤት» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዲጋ ገመዷን አየች። ገመዱ ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው።

ስለዚህ ቀደመቻቸው።

«አቤት!» አለች። ለእያንዳንዱ ስም «አቤት! አቤት!» እያለች ወደ በረሃው ገባች። በሚንቀጠቀጠው ሙቀት ውስጥ ረዝማ ታየች፤ ከዚያ አልታየችም። የዚያን ቀን ጥሪ ተቋረጠ። ወይዘሮ የሻረግ «ልጄን» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ዳሂቶ ዛሬ ከተማ ናት። ጡረተኞች አሁንም ይመጣሉ፤ አየሩ አሁንም ደረቅ ነው። ቤት አከራይ ከኪራዩ በፊት አንድ ነገር ይነግራቸዋል፦ በቀትር ሰው ከውጭ አይጣራም፤ የፈለገ ገብቶ ትከሻ ይነካል። የተጠራም አይመልስም።

ዝም ብሎ ካዳመጠ፣ ከአሸዋው ማዶ አንዲት ሴት ስትመልስለት ይሰማል። «አቤት» የምትልበት ቃና የደጋ ሰው ቃና አይደለም።