የአምበሉ ጥያቄ

አንደበትን ፈጥሮ ልጓሙን ላልነፈገን ለልዑል እግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና፣ ነገሩ እንዲህ ነው።

መንግሥተአብ የሚባል የእግር ኳስ አምበል ነበረ። መሐል ሜዳ ቆሞ በጩኸት ማዘዝን መሪነት ይለዋል፤ ጓደኞቹም አንቱ እንዲሉት ይሻል። አንድ ቀን ቡድኑ ክፉኛ ተሸነፈ። የክለቡ ሰብሳቢ ምክንያቱን ሊጠይቁ ቢመጡ፣ አምበሉ ጥፋቱን የሚያሸክመው ሰው ፈልጎ አንዱን ተከላካይ ወደ ፊት ጠራው።

«በሰብሳቢው ፊት መልስ። መሪነቴን ተከትለሃል ወይስ አልተከተልህም? አልተከተልሁም ካልህ ዛሬውኑ ከክለቡ ትሰናበታለህ። ተከትያለሁ ካልህ ደግሞ፣ እኔን የተከተለ እንዴት ይሸነፋል?»

ተከላካዩ እጅ ነሥቶ እንዲህ አለ፦ «አምበላችን፣ ከልብ ተከትለንዎታል። እርስዎ ቆመው ሲቆጡ፣ እኛም አርአያዎን ይዘን ቆመን አደመጥን። ትእዛዝዎን የናቀችው ኳሷ ብቻ ናት፤ ተናግረው ሳይጨርሱ ከመረባችን ገባች።»

ሰብሳቢው ሳቃቸውን በመሐረባቸው ሸፍነው ተከላካዩን «በል ልጄ፣ ለእሑዱ ጨዋታ ተዘጋጅ» አሉት። ወደ አምበሉም ዞር ብለው «አንተ ደግሞ ሩጫ ተለማመድ» አሉት።

ይህን ለሰማችሁ ሁሉ አምላክ አስቀድሞ የሚሮጥ አለቃ፣ ሳይዘገይም የሚደርስ መልስ ያድላችሁ፤ አሜን።