«እዚሁ ነኝ» ተብሎ የተገዛ ጎማ

አንድ ባለሞተር ነበር፤ ስሙ እንዳላማው ይባላል። አገር ለአገር ለመዞር የተሠራ ትልቅ ሞተር ነበረው። ወንበሩ ለሁለት ሰው ይሰፋል፣ በግራና በቀኙም የዕቃ ሳጥን አለው። የሰው ሞተር እየነዳ ጎልምሶ የራሱን የገዛው ፀጉሩ መሸበት ከጀመረ በኋላ ነው።

እንዳላማው ሰላምታ አያጓድልም፤ ከሰላምታ አልፎ ግን አይሄድም። በተለይ አንድ ጥያቄ አይወድም። «ወዴት ነህ?» ያለው ሰው ሁሉ ከእርሱ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «እዚሁ ነኝ።» ሄልሜቱን አጥልቆ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሳጥኖቹን ጠቅጥቆ ቢያገኙትም እዚሁ ነው። የሰፈሩ ሰዎች፣ «ይሄ ሰውዬ የገነት በር ላይ ወዴት ነህ ቢሉት እዚሁ ነኝ ብሎ ይመለሳል» እያሉ ይስቁበት ነበር። እርሱም ሳቁን ሰምቶ ዝም ይላል።

ዝምታው ያለ ምክንያት አልመጣም። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ በአንድ ነጋዴ ቤት አደገ። ጎረምሳ ሲሆን ነጋዴው አንዲት ትንሽ ሞተር ሰጥቶት ጨው ያመላልስ ጀመር። የሞተሯ ጎማ ጥርሱ አልቆ ሊሾ ሆኖ ነበር፤ ሲቀደድ ከውስጥ ጨርቅ ይጎሰጉስበትና መንገዱን ይቀጥላል። አንድ ቀን ሻይ ቤት አብረውት የተቀመጡ ሰዎች «ወዴት ነህ?» አሉት። ሳቂታ ሰዎች ነበሩ፤ ሻይ ጋብዘውታል። እርሱም ደስ ብሎት ሁሉንም ነገራቸው፤ የሚሄድበትን ገበያ፣ የሚያልፍበትን ወንዝ፣ ብቻውን መሆኑን። በማግስቱ ወንዙ ዳር ጠበቁት። ጨውንም ሞተሯንም ወሰዱ፣ እርሱን ደብድበው ጣሉት። እየተጎተተ ቤት ሲደርስ ነጋዴው አላመነውም። «ከሌቦቹ ጋር ተካፍለህ ነው» ብሎ ከነቁስሉ አባረረው። ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት በመኪና መናኸሪያ ጥግ ለጥግ አደረ። ያን ጊዜ ለራሱ የነገረው ነገር ቢኖር አንድ ነው፤ ከእንግዲህ የሚሄድበትን ማንም አያውቅም።

ይህን ታሪክ ለሚስቱ ለትጓደድ እንኳ ነግሯት አያውቅም።

ትጓደድ የተወለደችው ከቆላው ማዶ ባለችው ቀጨሞ በምትባል ከተማ ነው። እህቷ ታማ በነበረበት ዘመን የእህቷን ልጅ ይመኙሻልን ከጡት ጀምሮ ያሳደገችው እርሷ ነበረች። እንዳላማውም ልጅቷን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ገበያ ያዞራት ነበር። አሁን ይመኙሻል ልታገባ ነው። «እናንተ ሁለታችሁ ሳትመርቁኝ ከቤት አልወጣም» ብላ ልካለች። ትጓደድ ቀኑ ከተቆረጠ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም። እንዳላማውም በሞተር እንደሚሄዱ ወሰነ። የኋላው ጎማ ግን ጥርሱ አልቆ ነበር፤ የፊቱም ቢሆን ብዙ አልቀረውም።

በከተማው ጋሽ ሻፊ የሚባሉ ጎማ ሻጭ ነበሩ። እኚህ ሰው አንድ ልማድ አላቸው። ሦስት ነገር ሳይጠይቁ ጎማ ከመደርደሪያ አያወርዱም፤ ወዴት፣ ከማን ጋር፣ ምን ጭነህ። ያልመለሰላቸውን ደንበኛ እንደ በሽተኛ እያገላበጡ ሲጠይቁት ይውላሉ።

«ጎማ ፈልጌ ነበር ጋሼ፤ የፊትና የኋላ» አለ እንዳላማው።

«ደግ አደረግህ፤ ያንተማ ራሰ በራ ሆኗል። ወዴት ነው?»

«እዚሁ ነኝ።»

ጋሽ ሻፊ በሩ ላይ የቆመውን ሞተርና ሁለቱን ሳጥኖች ተመለከቱ። «ይሄ ሞተር እዚሁ የሚባል አገር የሚያውቅ አይመስልም።»

የመብራት አምፖል ሊገዛ የመጣ አንድ ጎልማሳ ከወንበሩ ሆኖ፣ «ጋሽ ሻፊ፣ የእርሱ እዚሁ እስከ ድንበር ነው!» አለ። አጠገቡ የተቀመጠውም ሳቀ። ሁለቱ ሰዎች ሳቂታ ነበሩ። እንዳላማው ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

«ጥሩውን ይስጡኝ» አለ።

«ጥሩ የሚባል ጎማ የለኝም። ለምን ጥሩ እንደሆነ ነው የማውቀው።» ጋሽ ሻፊ ጎማዎቹን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ ያሳዩት ጀመር። «ይሄ ጥርሱን አየኸው? ለጭቃ ነው፤ አስፋልት ላይ ሲጮህብህ ይውላል። ይሄኛው ጎኑ ደንዳና ነው፤ ሁለት ሰውና ሙሉ ሳጥን ይሸከማል፣ ሙቀት ይችላል። ባዶውን ከነዳኸው ግን እንደ በቅሎ ያነጥርሃል። ያ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ ለከተማ መንገድ እርሱን የሚያህል የለም፤ ፍሬን ስትይዝ መሬቱን ቆንጥጦ ይቀራል። ጭነትና ቆላ ግን ጠላቱ ነው። እንግዲህ ንገረኝ፤ ከማን ጋር ነህ? ምን ትጭናለህ?»

እንዳላማው ደንዳናውን ጎማ አየው። የሚፈልገው እርሱን እንደሆነ ገብቶታል። ነገር ግን «ያንን» ካለ፣ ሩቅ እንደሚሄድ፣ ሁለት ሰው እንደሆኑ፣ ሳጥኖቹ ሙሉ እንደሚሆኑ መናገሩ ነው። ሁለቱ ሰዎች ደግሞ ጆሯቸውን ሰጥተዋል። አፉ ሐሳቡን ቀደመው።

«ለብቻዬ ነኝ። የምጭነው የለም። እዚሁ ነኝ አልኩ እኮ።»

«ወንድሜ፣ የምጠይቅህ ጎማ ልመርጥልህ ነው እንጂ ልከተልህ አይደለም።»

እንዳላማው ገንዘቡን ከኪሱ አውጥቶ መቁጠር ጀመረ። ጋሽ ሻፊ ትንሽ ጠብቀው ለስላሳዎቹን አወረዱ። «ላልከው መንገድ የሚሆነው ይሄ ነው» አሉ። የሱቁ ጎሚስታ አሮጌዎቹን አውልቆ አዲሶቹን ገጠመ፣ ነፋስ ሞላ። ሊሄድ ሲነሣ ሽማግሌው እንደገና፣ «ድንገት ሰው ወይም ጭነት ከመጣብህ ሳትወጣ ተመለስ፤ እለውጥልሃለሁ» አሉት።

አልተመለሰም። እንዲያውም ከሱቁ ሲወጣ ከአንድ አደጋ ያመለጠ ያህል ቀለል አለው። «በጨርቅ በተጎሰጎሰ ጎማ ተራራ ወጥቼ የለም እንዴ! ይሄማ አዲስ ነው» አለ ለራሱ።

ሠርጉ እሑድ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ተነሡ። በአንዱ ሳጥን ለሙሽራዋ የተገዛ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በሌላው ጀሪካን ሙሉ ማር ነበር። ትጓደድ ከኋላው ተቀምጣ ወገቡን ይዛለች። ደጋው ላይ ሳሉ ጎማው አላስቸገራቸውም፤ ኩርባውን ሁሉ ቆንጥጦ አወረዳቸው። ቆላው ሲጀምር የኋላው ይልፈሰፈስ ጀመር። እንዳላማው ታውቆት ፍጥነቱን ቀነሰ። ቀጥሎ አስፋልቱ ፈርሶ እየተጠገነ ነበርና ወደ ኮረኮንች ገቡ። ብዙም ሳይሄዱ የኋላው ጎማ በአንድ ስለታም ድንጋይ ላይ ወጣና ጎኑ ተተረተረ። ሞተሩ ግራና ቀኝ ተወዛውዞ ከመንገዱ ዳር ተጋደመ። ትጓደድ ክርኗ ተላጠ፤ ሌላ ጉዳት አልነበረም።

እንዳላማው ጎማውን ዳሰሰው። መሐሉን ወግቶት ቢሆን ራሱ ይለጥፈው ነበር። ጎን ሲቀደድ ግን መለጠፊያ አይይዘውም።

«አዲስ አይደለም እንዴ?» አለች ትጓደድ።

«አዲስ ነው።»

«ታዲያ ሰውዬው አታለለህ?»

«አላታለለኝም። ለከተማ የሚሆን ነው የሸጠልኝ።»

«ለምን? ቀጨሞ እንደምንሄድ አልነገርከውም?»

እንዳላማው የተቀደደውን ጎን እንደገና ዳሰሰው።

«እኔ እንዳለሁስ?»

«ለብቻዬ ነኝ አልኩት።»

ትጓደድ ክርኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ጎማውን አየችው፤ ከዚያ እርሱን አየችው። «ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ እኔ በሌለሁበት ጎማ ላይ ነው የተቀመጥኩት» አለች።

ፀሐይዋ ከበደች። መንገዱ መኪና የማይበዛበት ነበር። በመጨረሻ አንድ የጭነት መኪና አቧራውን እያስነሣ መጣና አጠገባቸው ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ሰላም ናችሁ ጋሼ? ወዴት ናችሁ?»

«እዚሁ ነን» አለ እንዳላማው።

አስቦበት አልነበረም። እንደ ማስነጠስ አመለጠው። ሾፌሩም፣ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ማርሹን አስገባና ሄደ። እንዳላማው እጁን ሊያነሣ ሲል አቧራው መኪናውን ሸፍኖት ነበር።

ትጓደድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። «እዚሁ!» አለች። «ልጄ ነገ ከቤት ልትወጣ ነው፣ ሰው ሊያደርሰን ቆመ፣ አንተ እዚሁ ትላለህ። ምን ሆነህ ነው እንዳላማው? እስቲ ዛሬ እንኳ ንገረኝ።»

ያን ጊዜ ነገራት። ሻይ ቤቱን፣ ሳቂታዎቹን ሰዎች፣ ወንዙን፣ የነጋዴውን ቃል፣ መናኸሪያውን። ሲናገር ወደ መንገዱ እንጂ ወደ እርሷ አላየም። ቶሎ ጨረሰ፤ ረጅም ታሪክ አልነበረም።

ትጓደድ ሳታቋርጠው ሰማች። ሲያበቃ፣ «ሌቦቹ የወሰዱት ሞተርና ጨው ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «አፍህን ግን እነርሱ አልወሰዱትም። አንተ ነህ የሰጠሃቸው።»

ሌላ የመኪና ድምፅ ሲሰማ ትጓደድ ተነሥታ መንገዱ መሐል ቆመች። ሰው የሞላባት ትንሽ ፒክአፕ ነበረች። ሾፌሯ ሴት ነበረች፤ ገና ምንም ሳትጠይቅ ትጓደድ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቀጨሞ እንደሚሄዱ፣ ያሳደገቻት ልጅ ነገ እንደምትዳር፣ ሳትመርቃት እንደማትወጣ፣ ጎማው እንደተቀደደ። የመኪናዋ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«ቀጨሞን አልፈን ነው የምንሄደው» አለች ሾፌሯ። «ግን እትዬ፣ ያለኝ የአንድ ሰው ቦታ ነው። እርሳቸው ይቀራሉ ማለት ነው።»

«ሂጂ» አለ እንዳላማው። ሞተሩን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ እርሷም ታውቃለች። ብርድ ልብሱን አውጥቶ ሰጣት።

ሾፌሯ ከመነሣቷ በፊት፣ «ጋሼ፣ ከፊታችን ባለው ከተማ ጎማ የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ። በሚመጣ መኪና እንዲልክልዎ እነግረዋለሁ። ምን ዓይነት ልበለው?» አለችው።

እንዳላማው ከንፈሩን አራሰ። መኪናው ውስጥ ያሉት የማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ እያዩት ነበር። «የኋላ ጎማ ነው» አለ። ከዚያ ቃላቱ አንድ በአንድ ወጡ። «ጎኑ ደንዳና የሆነውን በይው። ቀጨሞ ነው የምሄደው። ስመለስ ሁለት ሰው ነን፤ እኔና ሚስቴ። ሳጥኖቹ ሙሉ ናቸው። እስኪመጣ ድረስ ብቻዬን እዚህ እቆያለሁ።»

«በዚሁ ልክ እነግረዋለሁ» አለች ሾፌሯ። ሄዱ።

ጎማው በማግስቱ ረፋድ ላይ በአውቶቡስ መጣ። ትክክለኛው ነበር። እንዳላማው ገጥሞ ቀጨሞ ሲደርስ የሠርጉ ድንኳን እየተነቀለ ነበር። ሴቶቹ ድስት ያጥባሉ፤ ወንዶቹ ወንበር ይደረድራሉ። ሙሽራዋ ሄዳለች። ትጓደድ ከግቢው በር መጥታ ተቀበለችው።

«ደረስሽ?» አላት።

«ደረስኩ። መረቅኳት።»

«እኔንስ ጠየቀችኝ?»

«ጠየቀች። ጋሼ የት ነው ብላ ቆመች። እውነቱን ነገርኳት። ሚዜዎቹ እየቸኮሉ እርሷ በሩ ላይ ቆማ መንገድ መንገዱን ስታይ ነበር። ከዚያ ወሰዷት።»

እንዳላማው ሄልሜቱን አወለቀ፤ የሚያኖርበት ቦታ ያጣ ይመስል ይዞት ቆመ። ማሩን የሚቀበለው ሰው አልነበረም።

ወዳጄ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያታለለ ነጋዴ የለም። ጋሽ ሻፊ ጎማውን የሸጡት ለተነገራቸው መንገድ ነው፤ ለዚያ መንገድ ደግሞ ከእርሱ የተሻለ አልነበረም። ጭነቱን የደበቀ ሰው ጭነቱን የሚችል ጎማ አያገኝም። በሕይወታችንም የሚመክረን፣ የሚጸልይልን፣ የሚያግዘን ሰው የሚረዳን በነገርነው ልክ ነው። ያልነገርነውን ሸክም ብቻችንን እንሸከመዋለን፤ ከኋላችን የተቀመጡት የምንወዳቸው ሰዎችም አብረውን ይወድቃሉ።

እንዳላማውን ሞኝ አትበለው። ቁስሉ እውነተኛ ነበር። ችግሩ ሌባውም ረዳቱም የሚጠይቁት ያንኑ ጥያቄ መሆኑ ነው፤ ሁለቱም «ወዴት ነህ?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ለሌባው የዘጋነው አፍ ሲቆይ ለሁሉም የተዘጋ ይሆናል፤ እኛ ግን ጥንቃቄ ነው እንላለን። ለሁሉ ሰው ሁሉን ተናገር ማለቴ አይደለም። ፊትህ የቆመው ሰው ማን እንደሆነ ሳታይ፣ ድሮ ለጎዳህ ሰው ያዘጋጀኸውን መልስ አትስጠው ማለቴ ነው።

አንተስ በቅርቡ ሊረዳህ ፈልጎ «ወዴት ነህ?» ያለህን ሰው ምን ብለህ አሰናበትከው?