የዐቃቤ ሕጉ ዋስ

አንድ ገበሬ የጎረቤቱን የአያ ደምለውን በሬ ሰርቀሃል ተብሎ ተያዘ። ዐቃቤ ሕጉ ነገሩን ሳያጣሩ ከሰሱት። «ዋስ ካልጠራ እስር ቤት ይቆይ» አሉ። ሰዉ ዐቃቤ ሕጉን ስለሚፈራ ዋስ የሚሆነው ጠፋና ሰባት ወር ታሰረ።

በስምንተኛው ወር በሬው ቆላ ወርዶ ከሰው ከብት ጋር ሲግጥ ተገኘ። ዐቃቤ ሕጉ ችሎት ቀረቡና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ክሱን አንስቻለሁ። ሆኖም ሁለተኛ እንዳያጠፋ ዋስ ጠርቶ ይውጣ» አሉ።

«ሁለተኛ? አንደኛው የታለ?» አለ ገበሬው።

ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ለመሆኑ ዋስ አለህ?» አሉት።

አያ ደምለው ራሱ፣ «እኔ ዋሱ ነኝ» ብሎ ከኋላ ተነሣ።

ገበሬው ግን ንቅንቅ አላለም። «ጌታዬ ዳኛ፣ እኔ ሳላጠፋ ዋስ ጠርቻለሁ። ያጠፉት እሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛ እንዳያጠፉ እሳቸውም ይጥሩ» አለ።

ዐቃቤ ሕጉ ሳይታወቃቸው ወደ ሕዝቡ ዞር አሉ። ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ።

ይሄኔ ገበሬው፣ «ዋስ ያጣ ሰው የት እንደሚያድር ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት» አላቸው። «መኝታዬ ገና አልተያዘም፤ ይግቡበት።»