ለአማች የተጠረገ ደጅ

ለታይታ ብሎ የሚበላውን ያጣ ሰው ሲያዩ የአገሬው ሰዎች የሚተርቷት አንዲት ተረት አለች። የተነገረችው በሠርግ ዳስ ውስጥ ነው፤ ነገሩ የተጀመረው ግን ከአንድ የፍግ ክምር ነው።

ደምለው የሚባል ገበሬ ነበር። ታታሪ ነው፤ ይሉኝታ ግን ቀስፎ ይዞታል። ከበረቱ የሚወጣውን ፍግ፣ ከምድጃው የሚጠረገውን አመድና የከሰል ድቃቂ አባቱ እንዳስለመደው ደጁ ላይ ይከምርና ክረምት ሳይገባ ማሳው ላይ ይበትነዋል። ተዳፋት ላይ ያለች ስስ መሬቱ ቤተሰቡን የምታበላው በዚሁ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ልጁን እናኑን ለልጃቸው ያጩት አያ ልየው ቤቱን ሊያዩ እንደሚመጡ ሰማ። ክምሩን አየና አፈረ። ሰውየው ይህን ሽታ አልፈው እንዴት ይግቡ ብሎ ጎረቤቱን ይታይሽን አስጠራ። ይታይሽ ባሏ የሞተባት፣ መሬቷም እንደ አውድማ የደረቀባት ሴት ናት። እንግዶቹ ሳይደርሱ ክምሩን ካጠፋችለት አንድ በግ ሊሰጣት ቃል ገባ።

ሴትዮዋ ቀና ሰው ነበረችና መጀመሪያ ልትመልሰው ሞከረች።

«አያ ደምለው፣ ይሄ እኮ የማሳህ ቀለብ ነው።»

«ማሳው አንድ ዓመት ቢጾም አይሞትም፤ ልጄ ግን የምትዳረው አንዴ ነው» አላት።

ይታይሽ በአህያ እያመላለሰች መሬቷ ላይ በተነችው፤ አሳርሳም ከአፈሩ ጋር አዋሐደችው። አያ ልየው መጡ፣ የጸዳውን ደጅ ዙሪያውን ቃኙ፣ በልተው ጠጥተው ሠርጉን ለጥር ቆርጠው ሄዱ።

ያን ዓመት ዝናቡ ቶሎ አቋረጠ። የደምለው አፈር ቅርፊት አውጥቶ ጠጠረ፤ ገብሱም ፍሬ ሳይቋጥር ነጣ። ከድንበሩ ማዶ የይታይሽ መሬት ግን ላልቶ፣ እርጥበቱን እንደያዘ ከረመ። ደምለው ድንበሩ ላይ ቆሞ የሷን ገብስ አየ። ሠርጉ ደርሷል፣ ጎተራው ባዶ ነው፤ ልጁን በባዶ ዳስ ሊድር ነው። በመጨረሻ እፍረቱን ዋጥ አድርጎ ጎረቤቱ ደጅ ቆመ። እሱ ገና አፉን ሳይከፍት ይታይሽ ስልቻዋን አወጣች።

«ፍጉ ያንተ፣ ድካሙ የኔ። ለእናኑ ሠርግ የሚበቃውን ውሰድ» አለችው።

በሠርጉ ዕለት አያ ልየው ጠላውን ቀምሰው የደምለውን ገብስ አመሰገኑ። ደምለው ግን ምስጋናውን አልተቀበለም፤ እህሉን ከማን እንዳገኘ፣ የራሱስ ለምን እንደጠፋ ሁሉንም ተናገረ።

«እኔስ ልጅህን ለልጄ ያሰብኳት ያን ክምር ከማዶ ተራራ ላይ ሆኜ ባየሁ ጊዜ ነው፤ ፍግ የሚያከማች ቤት ቁም ነገር አያጣም ብዬ» አሉ አያ ልየው። «ስመጣ ባጣው ጊዜ ቤት የተሳሳትኩ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያም ወደ ሙሽራዋ አባት ፈገግ ብለው እያዩ ዋንጫቸውን አስቀመጡና፣ «ደጁን ለአማች ቢያስጠርግ፣ ጎተራው አብሮ ተጠረገ» አሉ።