ወንበር የያዘው ካፖርት

አንድ ሰው ነበረ፤ ከአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር ሰፊ የብርቱካን እርሻ ያለው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ከወዲሁ የምነግርህ፣ ይልቃል፣ ኋላ «ክፉ ስለነበረ ነው የደረሰበት» ብለህ እንዳታመልጠኝ ነው። ሥራውን ይወዳል፣ ጸጥታ ይወዳል፤ ብቻ የሰው ጫጫታ ይደክመዋል። አንተ ዛሬ መድኃኒት ቤትህ ደጃፍ ላይ አቁመኸኝ፣ «የእድሩ ስብሰባ፣ የድልድዩ ጥገና፣ ሠርጉ፣ ተዝካሩ፣ ሁሉም በዚህ ወር ተደራረበብኝ፤ ድርሻዬን ልኬ ብቀር ምን ይጎድላል?» እንዳልከኝ፣ እሱም ሚስቱን እንዲሁ ይላት ነበር።

«ወንበርህ ባዶውን ሲታይ ሰው ያዝናል» አለችው ሚስቱ።

ሰውየው ጥቁር ካፖርቱን ከመስቀያው አውርዶ ሰጣት። «በይ ይህን አድርጊበት፤ ባዶ አይሆንም።»

ከዚያ ወዲያ ጥሩምባ ነፊው መንደሩን ባዞረ ቁጥር ሴትዮዋ ካፖርቱን በክንዷ ይዛ ትሄዳለች። ከወንዶቹ መካከል አንድ ወንበር ላይ ታደርገውና ወደ ሴቶቹ ታልፋለች። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። አንዱ ቀልደኛ ተነሥቶ እጅ ነሣና «እንደምን ዋሉ ጋሼ፣ ብርቱካኑ እንዴት ይዞዎታል?» ቢለው ድንኳኑ በሳቅ ሞላ። በሌላ ጊዜ ሌላው ደገመው። ሲደጋገም ሳቁ ጠፋና ሰላምታው ብቻ ተረፈ።

ቆይቶ ምግብ ሲቀርብ ለካፖርቱም ሳህን ይቀርብለት ጀመር። ሳህኑ ባዶውን ይነሣል። ማን በላው ብሎ የጠየቀ የለም። የእድሩ ዳኛ ያረፉ ጊዜም «ከስብሰባ ቀርቶ የማያውቅ፣ የሰው ንግግር የማያቋርጥ ማን አለን?» ተባለ። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አንድ ወንበር አየ፤ እጅ ወጣ፤ ካፖርቱ ዳኛ ሆነ።

አንድ ቀን ሴትዮዋ ከተዝካር ስትመለስ ካፖርቱ ከበዳት። ደግሞ ይሞቅ ነበር፣ አሁን ከሰው ገላ የወለቀ ይመስል። ፈራች። «ከእንግዲህ አልይዘውም፤ የሚመጣውን አንተው ራስህ ሂድ» አለችው ባሏን።

«ፀሐይ ላይ ውሎ ነው» ብሎ ሳቀባት።

እሷ ግን ካፖርቱን ወስዳ በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በድስቶቹና በተጠቀለለው ሸራ መካከል ትታው መጣች። በሚቀጥለው ስብሰባ ካፖርቱ ወንበሩ ላይ ነበር። ማን እንዳወጣው ያየ ሰው አልተገኘም።

ክረምት ገባ፤ ሴትዮዋም በጠና ታመመች። አንድ ጠዋት ትኩሳቱ በርትቶባት መናገር አቃታት። መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና አይገባም፤ ጤና ጣቢያ የምትደርሰው በሰው ትከሻ ብቻ ነው። ባሏ ይወዳት ነበር፤ ከሰው ወገን እሷን ብቻ ነበር የሚወደው። በሸሚዙ እየሮጠ ከተማ ሲገባ ሰው ሁሉ ድንኳን ውስጥ ተሰብስቦ አገኘ።

«ወንድሞቼ፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው! ቃሬዛ ይዛችሁ ድረሱልኝ!»

ብድግ አሉ። እነሱም ክፉዎች አልነበሩም። «አይዞህ ወንድሜ፤ ማን ነህ? ቤትህ የት ነው?»

«ባለ ብርቱካኑ ነኛ!»

እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ሽማግሌ ረጋ ብለው «ልጄ፣ ብርቱካኑማ የጋሼ ነው። ያውና ተቀምጠዋል» አሉት። ወደ ወንበሩም ጎንበስ ብለው «ይህን ሰው ያውቁታል?» ሲሉ ካፖርቱን ጠየቁት።

ሁሉም ከልባቸው መልስ ይጠብቁ ነበር። ዝናቡ ብቻ ሸራውን ይመታል።

«አያውቁትም» አሉ ሽማግሌው አዝነው።

ሰውየው ዘሎ ካፖርቱን ነጠቀና ለበሰው። ጨርቁ ያው ነው፣ ቁልፎቹም ያው፤ እጅጌው ግን ከጣቶቹ አልፎ ወረደ፣ ትከሻውም ሰፋው። «የዳኛችንን ልብስ!» ብለው ተረባርበው ገፈፉት፤ አራግፈው ወንበሩ ላይ መለሱት። በዚያ ግርግር ብዙ ጊዜ ጠፋ። ኋላ ሁለት ጎልማሶች ለቅሶው አሳዝኗቸው ቃሬዛ ይዘው ተከተሉት። ሲደርሱ ሴትዮዋ አርፋ ነበር።

ለቀብሯ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ እዚያው ብርቱካኑ ግቢ ተተከለ። ካፖርቱን ከፊት ይዘው መጥተው በሐዘንተኛው ፍራሽ ላይ አስቀመጡት። እየመጡም አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ «እግዜር ያጽናዎ» አሉት፤ ያለቀሱም ነበሩ። ባልየው ጥግ ላይ ቆሟል። አንዲት ሴት ማስታጠቢያ ሰጠችውና «ቆመህ ከምትውል እንግዶቹን አስታጥብ» አለችው። አስታጠበ። ስትመለስ ፊቱ በእንባ ርሶ አየችና ልቧ ተነካ።

«ለሟቿ ምኗ ነህ ወንድሜ?»

አፉን ከፈተ። ማንነቱን የምትመሰክርለት አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን ደግሞ ቀብረዋት መምጣታቸው ነው። ማስታጠቢያውን ይዞ ወደ ቀጣዩ እንግዳ አለፈ።

እንግዲህ ይልቃል፣ ምን ይጎድላል ብለኸኝ ነበር። ለእኛ ምንም አይጎድልብንም፤ ድርሻህ ደርሶናል፣ ድንኳኑም ይቆማል። የሚጎድለው ካንተ ነው። ያ ሰው ካፖርት ላከ፤ ሰውም ካፖርቱን አወቀ። አንተም ብር ብትልክ የምናውቀው ብርህን ነው። በክፉ ቀንህ ስትጮህ ሰው የሚሮጠው ወደሚያውቀው ነው፤ ያኔ ምን ልታደርግ ነው?

ባለፈው እሁድ «ቦታ ይያዝልኝ» ብለህ ጃንጥላህን ልከህ ቀረህ። ወንበር ላይ አደረግነው፤ ከጎኑ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ስብሰባው አብቅቶ ስነሣ፣ ሳላስበው፣ «ደህና ዋል» አልኩት። ደነገጥኩ፣ እውነቴን ነው የምልህ። ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ቤቴ ወስጄ በሩ ጥግ አቆምኩት። ትናንት የልጅ ልጄ ከውጭ ስትገባ «ጋሼ ይልቃል፣ ምነው ቆሙ? ይቀመጡ እንጂ» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ።

ቅዳሜ ጥሩምባው ሲነፋ ራስህ መጥተህ ውሰደው።